የእናቴ ጥቅልልና የየካቲት ከረጢቶች

እናቴ ወረቀት ስትጠቀልል ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሒርማታ ገበያ ዳር፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ከደንበኛ ጋር እየተጫወተች፣ ቀኝ እጇ ከአጠገቧ ካለው ክምር አንድ የደብተር ገጽ ይስባል፤ ግራ አውራ ጣቷ አንዱን ጥግ ይዞ ያሽከረክረዋል፤ ከዚያም ሹሉን ጫፍ ጠምዘዝ አድርጋ በሻይ ብርጭቆ የሰፈረችውን ቆሎ ትገለብጥበታለች። ደንበኛው ሳንቲሙን ከኪሱ አውጥቶ ሳይጨርስ ቆሎው ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። እኔ ዛሬ በማስመሪያ፣ በካተርና በሙጫ አንዲት የወረቀት ከረጢት ለመሥራት ስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈጅብኛል። እናቴ ይህን ስታይ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ናት፦ "ይኼን ሁሉ ለአንድ እፍኝ?"

ከረጢቶቹን የምሠራው ለፍቅረኞች ቀን ነው። ቀኑ በሦስተኛው መቶ ዓመት ሮም ውስጥ ሰማዕት ሆነ በሚባል ቅዱስ ስም የሚጠራ ቢሆንም፣ ከፍቅረኞች ጋር የተያያዘው ከሺሕ ዓመት በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው። ወደ እኛ የመጣውም በቀይ ልብስና በፕላስቲክ ጽጌረዳ ተጠቅልሎ ስለሆነ፣ ለብዙ ጊዜ በጥምቀት ሎሚ ሲወራወር የኖረ ሕዝብ ይህን ምን ያደርግለታል እያልሁ ስተች ቆይቻለሁ። ነገር ግን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በር ብዙም በማይርቅ ቦታ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው፣ የካቲት በገባ ቁጥር ከመላ አገሪቱ የተሰባሰቡ ወጣቶች "የስጦታ ከረጢት አላችሁ?" እያሉ ሲጠይቁት ትችቱን ይዞ መቀመጥ አይችልም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አብረቅራቂ ከረጢቶች ደግሞ፣ አንዲት ተማሪ ዋጋቸውን ሰምታ እንዳለችኝ፣ ውስጣቸው ከሚገባው ቸኮሌት ይወደዱ ነበር። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ዓመት 2016 ሲሆን ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ፤ አንዱ የሚያስቅ ነው። ከከረጢቶቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ ካርዶች አዘጋጅቼ "የካቲት 7" ብዬ አተምሁባቸው። ፌብሩዋሪ 14 በአብዛኛው ዓመት የሚውለው የካቲት 7 ቀን ነውና አልተጠራጠርሁም። ይሁን እንጂ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ሆና አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ገብቷል፤ በዚህም ምክንያት በ2016 የፈረንጆቹ ቀን የዋለው የካቲት 6 ነው። ማለዳ ቤቱን እንደከፈትሁ አንድ ተማሪ ካርዱን እያገላበጠ "እትዬ፣ ቀኑ ዛሬ ነው፤ ወረቀቱ ግን ነገ ይላል" አለኝ። 7ን በእስክሪብቶ ወደ 6 መለወጥ እንደማይቻል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የካርዶቹን ግማሽ በመቀስ እየቆረጥሁ ስሸጥ ዋልሁ።

ሁለተኛው አያስቅም። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካሪ እርማት መሠረት የሚያስተካክሉ ተማሪዎች እርማት የተጻፈበትን ረቂቅ ብዙ ጊዜ እኛው ቤት ጥለውት ይሄዳሉ። በአንድ ወገን ብቻ የታተመ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ ወረቀት በካርቶን ተጠራቅሞ ሳየው ገንዘብ መስሎ ታየኝ። የታተመውን ወገን ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጌ አጣጠፍሁና ከድንች በቀረጽሁት የልብ ቅርጽ በቀይ የማኅተም ቀለም ማኅተም መታሁባቸው፤ ከውጭ ሲታዩ አዲስ ነበሩ። በማግሥቱ አንዲት ልጅ ባዶውን ከረጢት ገልብጣ አሳየችኝ፤ በውስጠኛው ወገን የአንድ ሰው አንቀጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዞ፣ ጠርዙ ላይ ሥራው ዋጋ እንደሌለው የሚናገር መራራ አስተያየት ተጽፎበታል። የማን ጽሑፍ እንደሆነ በማደሪያ ክፍላቸው ያሉት ሁሉ ለይተውታል። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ይልቁንም እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። የከበደኝም እሱ ነው።

የከበደኝ የተከለከልሁትን ስላደረግሁ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በኪሎ የምትገዛውን አሮጌ ደብተር ቆሎ ከመጠቅለሏ በፊት ማታ ማታ በኩራዝ ትለቅመው ነበር። ቀይ እስክሪብቶ የነካውን ገጽ ለይታ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ወረቀት በሚያጥርበት ጊዜ ለምን ታባክኚዋለሽ ብዬ ስጠይቃት "ቀይ ያለበት የልጁ ገመና ነው፤ ለሰው አይሰጥም" አለችኝ። ቀይ ቀለሙ የአንዳንዱ ልጅ ውድቀት፣ የአንዳንዱ ደግሞ አሥር ከአሥር መሆኑን መለየት ስለማትችል ሁለቱንም ታቃጥላለች። እኔ ማንበብ የምችለው ልጇ አሥር ከአሥር ያለባቸውን እንድታስቀር ብዙ ጊዜ ተሟግቻታለሁ፤ አልሰማችኝም።

አንድ ክረምት ከደብተሮቹ መካከል በአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። እንዳነብላት ሰጠችኝ። የፍቅር ደብዳቤ ነበር፤ በዚያ ዘመን ተማሪ እንደሚጽፈው ሰላምታው ከባሕር አሸዋ የበዛ፣ ከታች በቀስት የተወጋ ልብ የተሳለበት፣ መጨረሻው ላይ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አዌቱ ድልድይ አጠገብ እጠብቅሻለሁ የሚል። ተሰጥቶ ይሁን ሳይሰጥ ቀርቶ የሚታወቅ ነገር የለም። እኔ ሳቅሁ፤ እናቴ አልሳቀችም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እንደ ነበረ በአራት አጠፈችውና "የሰው ቃል ነው፤ ቆሎ አይቋጠርበትም" ብላ ሣጥኗ ውስጥ ከልብሷ ሥር አኖረችው። ቀይ ልብ የተሳለበት ስለነበር በእሷ ሕግ መቃጠል ነበረበት፤ ለምን እንዳላቃጠለችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ የ2016 ውርደት በኋላ ሰው የጻፈበት ወረቀት ከረጢት አላደርግም። ደግሞም የታተመ ወገን ምግብ እንዲነካ ማድረግ በራሱ ጥፋት ነው። በጋዜጣ ቀለም ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ወደ ምግብ ይሻገራልና፣ በተለይ ዘይት ያለበትን ነገር በጋዜጣ መጠቅለል ልጅ ሆነን እንደምናስበው ምንም የማያመጣ ነገር አይደለም። አሁን የምጠቀመው ባዶ ኤፎር ወረቀትና ለካኪ ፖስታ የሚሆነውን ወፍራም ቡናማ ወረቀት ነው።

ልኩን ያገኘሁት ብዙ ወረቀት አበላሽቼ ነው፤ ለሚሞክር ሰው ልንገረው። ኤፎር በርዝመቱ 297፣ በወርዱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱን አግድም አስቀምጬ ከግራ ጀምሬ 90፣ 50፣ 90፣ 50 ሚሊ ሜትር እየለካሁ ቀጥ ያለ መስመር አሰምራለሁ፤ ይህ 280 ይሆንና የቀረው 17 ሙጫ የሚቀባበት ምላስ ነው። ከላይ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አፉን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ከታች 40 ሚሊ ሜትር ለመቀመጫው ይተዋል። ሲያልቅ 9 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው፣ 14 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ከረጢት ይወጣል፤ ሁለት ጥሩ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ይይዛል። መስመሮቹን በእርሳስ ማስመር አይበቃም፤ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ማስመሪያ ተደግፎ ጫን አድርጎ መሄድ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የት እንደሚታጠፍ ራሱ ያውቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ድሮ እጥላቸው ነበር፤ አሁን በቆርቆሮ አጠራቅማቸዋለሁ።

ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ተኝተው ስለሚደርቁ፣ ከቃጫው ጋር ስታጥፉት ንጹሕ መስመር ይወጣል፤ ቃጫውን አቋርጣችሁ ስታጥፉት ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ይሻክራልም። ቀጭኑ ኤፎር ይህን ይሸከማል። ወፍራሙ ካኪ ግን አይሸከምም፤ የመጀመሪያዎቹ ካኪ ከረጢቶቼ ጠርዛቸው ላይ ጸጉር አብቅለው ነበር። መለየት ቀላል ነው፦ ወረቀቱን ሳታጥፉ በሁለት እጅ ይዛችሁ አንድ ጊዜ በርዝመቱ፣ አንድ ጊዜ በወርዱ ጎበጥ አድርጉት፤ እምቢ የማይለው አቅጣጫ የማጠፊያው አቅጣጫ ነው። ይህን የነገረኝ የጅማን የእንጨት ዕቃ ሲጠርብ የኖረ ጎረቤታችን ሲሆን፣ ስለ ወረቀት አንዳች አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው ስለ እንጨት ነው፤ "እንጨት ተፈጭቶም እንጨት ነው" አለና ካኪውን ከእጄ ወስዶ አጎበጠው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መቀመጫው ነው። የእናቴ ጥቅልል መቀመጫ የለውም፤ ሹል ስለሆነ እስኪበላ ድረስ ከእጅ አይወርድም። የሚቆም ከረጢት ለመሥራት ሁለቱ ጠባብ ጎኖች መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ከዚያ ሰፋፊዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ መተኛት አለባቸው። ይህን ሥራ ማሽን እንዲሠራው ማድረግ ብዙ ጊዜ ወስዷል። አሜሪካ ውስጥ በ1852 የባለቤትነት መብት ያገኘው የመጀመሪያው የወረቀት ከረጢት ማሽን የሚያወጣው እንደ ፖስታ ጠፍጣፋ የሆነ ከረጢት ነበር። ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለውን የሚያጥፍ ማሽን የፈለሰፈችው በከረጢት ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ማርጋሬት ናይት ናት። ማሽኑ በብረት እየተሠራ ሳለ ያየው አንድ ሰው የኔ ነው ብሎ ቀድሟት አመልክቶ ነበር፤ እሷ ግን ንድፎቿንና ማስረጃዎቿን ይዛ ተከራክራ ረታችው፤ በ1871 መብቱ በስሟ ተመዘገበ። እኔ ይህን ካነበብሁ በኋላ መቀመጫው ጠማማ በሆነብኝ ቁጥር አልበሳጭም ብዬ ነበር፤ አሁንም ግን እበሳጫለሁ።

የሙጫውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ያለው ሙጫ ለስልሳ ሰባ ከረጢት ሲሆን ይወደዳል፤ ሽታውም ከምግብ ጋር አይሄድም። ስለዚህ አንድ እጅ ፉርኖ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ፣ ውኃውን ወደ አምስት እጅ አድርሼ፣ እስኪወፍርና ነጭነቱ እስኪለቅ እያማሰልሁ አበስለዋለሁ። ከቀዘቀዘ በኋላ በጣም ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ከበዛ ወረቀቱ ውኃውን ጠጥቶ ይኮማተራል። ሙጫነቱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በ2017 ያለቁ ሃያ አራት ከረጢቶች በካርቶን ደርድሬ ሱቅ ውስጥ ባሳድር አይጥ መቀመጫ መቀመጫቸውን ብቻ እየመረጠ በልቶ አደረ። ጎናቸውን አልነካም፣ የተሳለውን ልብ አልነካም፤ የበላው ዱቄት ያለበትን ብቻ ነው። ባለቤቴ አንዱን አንሥቶ በቀዳዳው አየኝና "ይኼኛው የእናትሽ ዓይነት ሆኗል፤ ሁለቱም ወገን ክፍት" አለኝ። የእናቴ ቢያንስ ሹሉ ይዘጋል ብዬ መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ ያለቁት ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያድራሉ።

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ የጸደቀው በዚያው በ2017 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀት ከረጢት የሚጠይቀኝ ተማሪ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ውስጡ የሚገባውን ደንበኛው ያመጣል፤ አንዳንዱ ግን ዳቦ ቆሎውንም ከእኛ ይፈልጋል። ዳቦ ቆሎ በቤታችን የባለቤቴ ሥራ ነው፤ በበርበሬና በትንሽ ስኳር የተለወሰውን ሊጥ እንደ ገመድ እያንከባለለ በመቀስ ይቆርጠዋል፤ መቀሱም የኔው የወረቀት መቀስ ሆኖ ተገኝቶ አንድ ሰሞን ተኳርፈናል። በዘይት የተጠበሰው ለወረቀት አይሆንም፤ ከሰዓታት በኋላ ከረጢቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ይወጣና ስጦታው የበርበሬ ወጥ የያዘ ይመስላል። በምጣድ የተቆላውም ቢሆን ትኩሱን ከገባ በእንፋሎቱ ወረቀቱን ያለሰልሰዋል፤ ሌሊቱን በሰፌድ ተሰጥቶ ማደር አለበት። ቡና ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የጅማ ልጅ አዲስ አበባ ላለች ፍቅረኛው ከቸኮሌት ይልቅ ቡና ቆልቶ ቢልክ እኔ በግሌ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ወረቀት ሽታ አይዝም። ቡናው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ አውቶቡሱን በሙሉ ሲያጥን ይሄዳልና፣ ለሩቅ መንገድ ሳይቆላ እንዲልኩት እመክራለሁ። ለመቁላቱማ እሷም ምጣድ አላት።

አፋቸውን የማስረው በእንሰት ቃጫ ነው። ሪባን ሸጬ የምተዳደር ሴት ይህን መናገሬ ንግድን የሚጎዳ ቢሆንም፣ ከገበያ በነዶ የሚገዛው ቃጫ ከማናቸውም ሪባን ይልቅ ወረቀቱን ያምርበታል፤ ሲታሰርም አይንሸራተትም። ቀዩን ማኅተምም ትቼዋለሁ። እናቴ አንድ ቀን ልቦቹን አይታ "ቀይ አልሁሽ እኮ" ብላኝ ነበር፤ የማኅተም ቀለም እንጂ የአስተማሪ ቀለም አይደለም ብዬ ባስረዳት ልትቀበለኝ አልቻለችም። አሁን ጥቁር ቡና እንደ ሽሮፕ እስኪወፍር በትንሽ እሳት አንተክትኬ የድንቹን ልብ በእሱ እየነከርሁ አትማለሁ። ሲደርቅ የተቆላ ገብስ ዓይነት መልክ ይይዛል፤ ጠርዙ ከመካከሉ ይጠቁራል። ሁለት ልቦች እኩል ሆነው ወጥተውልኝ አያውቁም።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ የካቲት 7 ቅዳሜ ዋለ። ሰኞ የካቲት 9 ዐቢይ ጾም የሚገባ በመሆኑ የቅበላ ሰሞን ነው፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ሊገባ ተቃርቧል። በጅማ እንዲህ ሲገጣጠም ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመጾም ይዘጋጃል። ይህ ለከረጢት ሠሪ ትልቅ ነገር ነው፦ ወተት ያለበት ቸኮሌት ከእሑድ በኋላ ለክርስቲያኗ አይሆንም፤ ዳቦ ቆሎ ግን ቅቤ ካልገባበት ጾም አይፈራም። የዘገየ ፍቅረኛ ዳቦ ቆሎ ይገዛ ዘንድ የመከርኋቸው ብዙ ናቸው። ልብ ያልታተመባቸው አሥራ አምስት ከረጢቶች ተርፈውኝ ነበር፤ ጎረቤታችን ለኢፍጣር ለየቤቱ ተምር ልታደርግባቸው ወሰደቻቸው። ለባለቤቴም አንዱን ከቡና ሲኒው አጠገብ አኑሬለት ወጣሁ። ማታ ስገባ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ፣ በውስጡ በካርዱ ጀርባ ላይ "ደረሰኝ አልተቆረጠም" የሚል በእስክሪብቶ ተጽፎ አገኘሁ። ቀለሙን አየሁት፤ ሰማያዊ ነበር።

እሑድ ለእናቴ አንድ ይዤላት ሄድሁ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ተቀበለችኝ፤ ከረጢቱን ከላይ ከታች አየችው፤ ቃጫውን ፈታ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ዳቦ ቆሎውን ሰፌድ ላይ ገለበጠችና ጣቷን በምራቋ አርሳ የተጣበቀውን ምላስ ትዳብሰው ጀመር። የዱቄት ሙጫ እርጥበት ካገኘ ይለቃል፤ ቀስ እያለች መቀመጫውንም አላቀቀችው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እጥፋቶቹን በመዳፏ ደፈጠጠቻቸው።

"የሰው ጽሑፍ የለበትም?"

"የለበትም እማ፤ ባዶ ነው።"

ገለበጠችው፤ በሁለቱም ወገን አየችው፤ አመነችኝ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ የሚያየንን የጎረቤት ልጅ ጠርታ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል አንዱን ጥግ በግራ አውራ ጣቷ ይዛ አሽከረከረችው፤ ሹሉን ጠምዘዝ አድርጋ ከዳቦ ቆሎው ግማሹን ሞላችለት። የለካኋቸው መስመሮች ሁሉ በጥቅልሉ ላይ ሰያፍ ሆነው ሲዞሩ ይታያሉ፤ የቡናው ልብ ሹሉ ጋ ደርሶ አብሮ ተጠምዝዟል። ልጁ ተቀብሎ እየሮጠ ወጣ።